ማስተካከያ፦ በቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ደም ስለመስጠት
ለሐዋሳ አንባቢዎቻችን ባወጣነው መረጃ «ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ከ10 በታች ከሆነ ሁለት ከረጢት ደም ይሰጥ» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ደም እየፈሰሰው ላልሆነ፣ ለተረጋጋ ታካሚ መነሻው በዴሲሊትር 7 ግራም ነው፤ የልብ ሕመም ላለበት 8። የሚሰጠውም አንድ ከረጢት ነው፤ ሁለተኛው የሚወሰነው ታካሚው ታይቶ ሄሞግሎቢኑ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው። አንዱ ከረጢት በአዋቂ ላይ ሄሞግሎቢኑን በዴሲሊትር 1 ግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል። በቀዶ ሕክምናው መሃል ደም በብዛት ከፈሰሰ ግን ቁጥር አይጠበቅም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሚታይ የደም ማነስ «የብረት ኪኒን ይበቃል» ያልነውም ይታረም። ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሳምንት ከቀረው ኪኒኑ አይደርስም፤ ካንሰሩ የሚያስከትለው ብግነትም ብረት ከአንጀት እንዳይመጠጥ ያግዳል። እጥረቱ በምርመራ ከተረጋገጠ በደም ሥር የሚሰጠው ይሻላል።

ጨርሶ የዘለልነው ቫይታሚን ኬን ነው፤ ይህ ከሁሉ ይከፋል። ዕጢው የሐሞት ቱቦን ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚኑ አይመጠጥም፣ ደምም ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ የደም መርጊያ ጊዜ አስቀድሞ ይለካ። ከረዘመ ቫይታሚን ኬ በደም ሥር በዝግታ ይሰጥ፤ ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈልግ በቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ መስጠት አይጠቅምም።

በአንድ ቦታ «ጣፊያ» ያልነው «ቆሽት» ተብሎ ይነበብ። ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።