ሪባን ይቅደም!

ባለፈው ቅዳሜ ከተማችን አንድ ቦኖ አስመረቀች። አዎ፣ ቦኖ። አራት ቧንቧ ያለው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ የማይበልጥ የውሃ መቅጃ። ምርቃቱን ላየ ሰው ግን ዓባይ ለሁለተኛ ጊዜ የተገደበ ነው የሚመስለው።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው «ገጽታችንን አጠለሸ» ተብሎ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው የትውውቅ መርሐ ግብር ይኖረዋል። ለትውውቁ ባነር ይታተማል። ጣጣው ብዙ ነው። ደግሞስ እናንተም ታውቋታላችሁ። አውራ ጎዳናው መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። መናኸሪያ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆምባታል። መሃሉ ላይ ምንም የሌለበት አንድ አደባባይ አለ፤ ባጃጆች እሱን ዞረው ወደመጡበት ይመለሳሉ።

እኔ ዛሬ የተነሳሁት ልወቅስ አይደለም። ላመሰግን ነው። ሥራ መሥራት የትም አለ። ሥራን ማስመረቅ ነው ጥበቡ። የኛዎቹ ደግሞ ከዚያም አልፈው ሥራው በሌለበት ማስመረቅ ችለዋል።

ቦኖው ያለቀው ከፋሲካ በፊት ነበር። ተሞከረ፤ ውሃ መጣ። የሰፈሩ እናቶች ጥቂት ቀን ቀዱ። ልብስ ታጠበ፣ ጠላ ተጠነሰሰ። ከዚያ አንድ ማለዳ ቧንቧዎቹ ላይ የብረት ሳጥን ተገጠመ፤ በሳጥኑ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ምነው ቢባል «ገና አልተመረቀም» ሆነ መልሱ። ልክ ናቸው። ያልተመረቀ ውሃ ጠጥቶ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ያልተመረቀ ውሃ ቡና ቢያፈሉበት አቦል ላይ ይቆማል እንጂ በረካ አይደርስም።

ለምርቃቱ የክብር እንግዳ ያስፈልጋል። የክብር እንግዳ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል፤ ሌላ ከተማ ሌላ ቦኖ ያስመርቃል። ስለዚህ ቀኑ ተቆረጠ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተቆረጠ። ባነሩን ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ። ቀኑ በተጻፈበት ቦታ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። ነፋስ መጥቶ የላይኛውን ገለጥ ሲያደርገው ሚያዝያ ብቅ ይላል። ከሚያዝያ ሥር መጋቢት አለ። እንዲህ ያለ ታሪክን ጠብቆ የሚያቆይ ከተማ የት ይገኛል?

ቅዳሜ ጠዋት ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በየሰፈሩ ዞረ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሁላችሁም ነቅላችሁ ውጡ!» ሰው ወጣ። ውሃ ይከፈታል ብሎ እንጂ ንግግር ናፍቆት አይደለም። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ተያይዘው ከቦኖው እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። ይኼኔ ክራባት ያሰረ አንድ ወጣት አስተባባሪ እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ ጀሪካኑን ከዚህ አንሱልኝ። ለካሜራ አይመችም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ውሃ ሊቀዳ የመጣው ካሜራው ነው?» አሉት አንዲት እናት።

ጀሪካኖቹ ከድንኳኑ ጀርባ ተደበቁ። ድንኳኑ የእድር ነው። ወንበሮቹም የእድር ናቸው፤ በያንዳንዱ መደገፊያ ላይ በቀይ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፏል። ለክቡር እንግዳው ብቻ ከአንድ ሆቴል ሶፋ በጋሪ መጣ። ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደረደረ። የቧንቧ ውሃ ምርቃት ላይ! እኔ ግን አልከፋኝም። ለማነጻጸሪያ ይሆናል ብዬ ነው የተረዳሁት።

ሦስት ሰዓት የተባለው ስድስት ተኩል ሆነ። መኪኖቹ መጡ። እልልታ ታዘዘ፤ እልል ተባለ። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። አንዱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለን፤ እኛ እኮ እዚያው ነው የተወለድነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አመሰገነ። ሦስተኛው ሁለቱንም አመስግኖ «ንግግር ላለማብዛት ያህል» ሲል ሰዓቴን አየሁ፤ ለማየትም የቻልኩት ጥላው ስላለፈኝ ነው። አራተኛው የፕሮጀክቱን ሪፖርት አቀረበ። «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ጀመረ። ይኼን ለሰፈሩ እናቶች ማስረዳቱ መልካም ነው፤ እስካሁን ለጨዋታ ነበር የሚቀዱት።

የኪነት ቡድኑ ግጥም አቀረበ። አጼ ምኒልክ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ባወረዱ ጊዜም አገሩ ጉድ ብሎ ገጥሟል። ያኔ ግን ውሃው ቀድሞ ግጥሙ ተከተለ። እኛ ሥርዓቱን አሻሽለነዋል።

ከዚያ ሪባኑ። ቦኖው በቀይ ሪባን ዙሪያውን ታስሯል። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትሪ ይዛ ቀረበች። ትሪው ላይ አበባ አለ፤ መቀስ የለም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! አንዱ ባጃጅ ይዞ ወደ ገበያ በረረ። አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ደረሰ። ሰውዬው የገበያ ቀን ነው፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ። የከተማው ክብር ነው ተባለ። «መታወቂያ አስይዙ» አለ። መታወቂያ ተያዘ። መቀሱ መጣ። ክቡር እንግዳው ጨበጡት። ሪባኑ ናይለን ነው፤ መቀሱ የለመደው ጨርቅ ነው። አልቆርጥ አለ። ክቡርነታቸው እንደ መጋዝ ሳቡት። አንዱ ከግራ ወጠረ፤ አንዱ ከቀኝ። መድረክ መሪው «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ፤ አጨበጨብን። አሁንም አልተቆረጠም። «እንደገና ሞቅ ያለ!» ሪባኑ ተበጠሰ እንጂ ተቆረጠ አልልም። ይኼኔ ካሜራ የያዘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ፣ አልያዘልኝም» አለ።

ሪባኑ ተቋጥሮ እንደገና ታሰረ። እንደገና ተቆረጠ። እንደገና ደስ አለን። መቼም አንድ ቦኖ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሲመረቅ ያየ ሌላ ሕዝብ ካለ ይንገረኝ።

ቁልፉ ተከፈተ። ክቡር እንግዳው ቧንቧውን አዞሩት። ውሃው ደህና አድርጎ መጣ፤ እሱ ምን አድርጓቸው! ጣቶቻቸውን አስነኩ። ሶፍት ቀረበላቸው። ብርጭቆ ተሞላ፤ ከፍ አድርገው ለካሜራው አሳዩት፤ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ ግብዣው ሄደ። እናቶች ጀሪካናቸውን ከድንኳኑ ጀርባ አውጥተው ሲመጡ ቁልፉ ተመልሷል። «ምነው፣ ተመረቀ አይደል?» «ተመርቋል። ርክክብ ግን ገና ነው።»

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆየኝ። ያ ውሃ ያን ሁሉ ሳምንት ቧንቧው ውስጥ ነበር። ፓምፑ ይሠራል፣ መስመሩ ይሠራል፣ የጎደለ አንድም ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ግን 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ጀርባቸው ላይ አዝለው ከወንዝ ዳገት ሲወጡ ከረሙ። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ነው። ተራ ለመያዝ ብለው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያሳልፉ ሴት ልጆች አሉ። ቁልፉን ያስገጠመው ሰው ቤቱ ውስጥ ሮቶ አለው፤ ልጁን ለወንዝ አይልክም። ሰው በፎቶ ምክንያት ሕፃን ያጠማል? ነውር ነው። ነውር የሚባል ነገር ድሮ ነበር።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ማታ ዜናው ወጣ። «በድምቀት ተመረቀ» ይላል። ሰባት ፎቶ አለው። በስድስቱ ላይ ያለው ሶፋው ነው። በሰባተኛው ቦኖው ራሱ በሰዎች ትከሻ መሃል ትንሽ ይታያል። ከሁሉም በላይ ያደነቅኩት ግን ደስተኛውን ነዋሪ ነው። ታውቁታላችሁ። በየከተማው አንድ አንድ አለ። ውሃ ሲመረቅ «ችግራችን ተቀርፏል» ይላል። መንገድ ሲቆፈር «ለልማት ነው» ይላል። ግብር ሲጨመር «ወቅታዊ ነው» ይላል። አንዳንዴ ነጋዴ ነው፣ አንዳንዴ አርሶ አደር፤ አንድ ጊዜ በዕድሜው ሳያፍሩ የወጣቶች ተወካይ አድርገውታል። ኮቱ ግን ያው ነው።

ትከሻውን እያስቀደመ ፎቶ ውስጥ የሚገባም አለ። የምን ኃላፊ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሥልጠና ላይ አለ፤ ርክክብ ላይ አለ፤ የስንብት ፕሮግራም ላይ ከተሰናባቹ አጠገብ ቆሞ ሰርተፊኬቱን በአንድ ጫፍ ይዟል።

የመሠረት ድንጋያችንንማ ሳላነሳ ባልፍ ይታዘበኛል። ከላይኛው ሰፈር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ነው። ለሁለገብ አዳራሽ የተጣለ ነው። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጣለ፤ ግድቡ አልቆ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። የኛ ድንጋይ ከዚያም ይቀድማል። ያ ሁሉ ኮንክሪት ሲሞላ፣ ያ ሁሉ ውሃ ሲተኛ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። እምነበረዱ ላይ የተጻፈው ስም ለቋል። በግ ይታሰርበታል። ልጆች ገበጣ ይጫወቱበታል። እንዲያውም ከተማው ካላት አዳራሽ ሁሉ ብዙ አገልግሎት የሚሰጠው እሱ ነው።

የችግኙን ጉድጓድስ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር የኛ ከተማ ድርሻዋን ተወጥታለች። የእንግዶቹ ጉድጓድ ያኔ ተቆፍሯል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መቆፈር አላስፈለገም። በየክረምቱ እዚያው ይተከላል። ፍየሎቹም ቀኑን አውቀውታል። በሰዓቱ የሚገኙ ታዳሚዎች እነሱ ናቸው።

አንዳንድ ኋላ ቀር ድርጅት ግን አሁንም ከተማችን ውስጥ አለ። ለምሳሌ እድራችን። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንገዱ ይዞራል። ጡሩምባውን ነፍቶ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። አለቀ። «ክቡራንና ክቡራት» የለም። ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም ይቀጣል። መቀስ የሚፈልግ የለም። የባቲ የሰኞ ገበያም እንዲሁ ነው። ስንት ዘመን ሰኞ ሰኞ ሲቆም ግመሉም ነጋዴውም ሪባን ሲቆረጥ አልጠበቀም። እንዲህ ሳይመረቁ የሚሠሩ ነገሮች እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆዩ ይገርመኛል። ምናልባት ያልተመረቁት ስላልታዩ ይሆናል፤ ቢታዩ ኖሮ ይቆለፉ ነበር።

አንድ ሐሳብ ግን አለኝ። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ለምርቃት ሲያውስ በራሱ ደንብ ያውስ። ስም ይጠራ። ሦስት ሰዓት ተብሎ ስድስት ተኩል የመጣ፣ ሶፋ ላይም ቢቀመጥ፣ ቅጣቱን ይክፈል። በአንድ ዓመት ውስጥ በሚሰበሰበው ገንዘብ አዳራሹ ከነጣሪያው ያልቃል። ይኼን ለእድራችን ጸሐፊ ነገርኳቸው። መዝገባቸውን ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እኛ የምንቀጣው አባል ነው። እነሱ አባል ሆነው ያውቃሉ?» አሉኝ።

ለማንኛውም በመጪው ሐሙስ ሌላ ፕሮግራም አለ። የመሠረት ድንጋዩ አጥር ተሠርቶለታል። አጥሩ ይመረቃል። የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል፤ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም ተከቧል። «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት። ሰዓት ይከበር» ይላል። ምሳዬን በልቼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ፣ ሻይ ጠጥቼ እደርሳለሁ። መቀስ ግን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፤ ልብስ ሰፊው መታወቂያውን እስካሁን አልመለሰም አሉ።