አራት መድኃኒት ባንድ እንክብል፦ በጅማ ጤና ጣቢያዎች ይሰጥ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ስትሮክንና ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመከላከል አራት መድኃኒቶችን የያዘ አንድ እንክብል፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በጤና ጣቢያ ይሰጥ? ደጋፊው የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ተቃዋሚዋ ፋርማሲስት ናቸው።

ሐኪሙ፦ ግፊት ያለበት ሰው ሦስት አራት ዓይነት መድኃኒት ይጻፍለታል። አንዱ ቀድሞ ያልቅበታል፣ አንዱ ከፋርማሲ ይጠፋል። ግፊት ደግሞ አያምም፤ ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ ሁሉንም ይተወዋል። እንክብሉ ይህን ይቆርጣል። በኢራን ጎለስታን ክፍለ ሀገር 6,838 ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው አስፕሪን 81፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን 20፣ ሽንት እያበዛ ግፊት የሚቀንሰው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 12.5፣ ሌላው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም ባንድ ላይ ነበሩ። ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመም የደረሰባቸው፣ እንክብሉን ከወሰዱት 5.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.8 በመቶ ናቸው። መጠኑ ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው፤ የግፊት መድኃኒት በግማሽ ሲቀነስ ኃይሉ ብዙ አይጎድልም፣ ጉዳቱ ግን በጣም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እንዲህ ያሉ ጥምር እንክብሎችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል።

ፋርማሲስቷ፦ ዶክተር፣ ቁጥሩን አልክድም። ጥሌ «ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ» ከሚለው ጋር ነው።

ከአስፕሪኑ ልጀምር። ጨጓራ የሌለበት ጎልማሳ በሰፈራችን ፈልገው ያግኙልኝ! አስፕሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል፤ ቁስል ካለ ይደማል። ታካሚው ሰገራው ሬንጅ መስሎ ሲጠቁር ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ከታዘዘለት ደግሞ አቶርቫስታቲኑ በደሙ ውስጥ ይከማችና ጡንቻውን ይጎዳል። በተናጠል ቢሆን እሱን ብቻ ለሁለት ሳምንት አስቆመው ነበር፤ ከእንክብል ውስጥ ግን ነጥዬ ላወጣው አልችልም።

ሁለተኛው ኢናላፕሪል ነው። ክሪኦል የተባለው ጥናት፣ በ6 የአፍሪካ አገሮች በ728 ሰዎች ላይ፣ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ያለበት ጥምረት ፔሪንዶፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካሉበት ይበልጥ ግፊት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፔሪንዶፕሪል የኢናላፕሪል ዘመድ ነው። ታዲያ ለኢራን የተቀመመውን እንዳለ ለምን እናምጣ?

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የጅማን ክረምት ያውቁታል። አስፕሪን እርጥበት ሲነካው ይፈርሳል፤ ክዳኑን ሲከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የኛ ሰው ደግሞ ፍሬውን ከማሸጊያው አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። አብሮት ያለው መድኃኒትም ከዚያ ወዲያ ለመታመን ያስቸግራል።

ሐኪሙ፦ የአምሎዲፒኑ ነገር አሳማኝ ነው፤ ቀመሩ ይቀየር፣ ጭብጡ ግን አይወድቅም። አስፕሪንም ግዴታ አይደለም፤ ቲፕስ ሦስት በተባለው ጥናት ያለ አስፕሪን እንኳ የልብና የደም ሥር ሕመም በ21 በመቶ ቀንሷል።

ፋርማሲስቷ፦ የስህተት ወሰኑ «ምንም ለውጥ የለም» እስከሚለው ጫፍ የደረሰ 21 በመቶ።

ሐኪሙ፦ እሺ፣ ጫፉ ላይ ነው። ላቦራቶሪን በተመለከተ ግን የልብና የደም ሥር ሕመም ስጋትን የሚገምተው የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ብቻ ይጠይቃል። ነርሷ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። በቀን አንዴ ስለሆነም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ይወሰዳል።

ፋርማሲስቷ፦ ማፍጠሪያ ላይ ከሆነ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲያመላልሰው ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ሰንጠረዡም ግፊቱ በትክክል ከተለካ ነው። ሰውየው ዳገቱን ወጥቶ እንደገባ፣ ቡናውን እንደጠጣ፣ ወይም ከሰዓት በምርቃና ላይ ሳለ በሹራቡ ላይ ይለካል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ክንዱ ተራቁቶ በልቡ ትክክል ተደግፎ፣ ሁለት ጊዜ መለካት አለበት። ካልሆነ ጤነኛውን ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ላይ እናስቀምጠዋለን። ተቅማጥ ሲይዘውስ? ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፈሳሽ ካለቀበት ሰው ጋር ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳሉ። «እስኪድን አቁም» ብሎ የሚነግረው ማነው?

ሐኪሙ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ዛሬም አራቱን ለየብቻ የሚውጠው ሰው ተቅማጥ ይይዘዋል እኮ፤ አደጋውን እንክብሉ አላመጣውም።

ፋርማሲስቷ፦ የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ። ዛሬ አንዱ ከመጋዘን ቢጠፋ በሦስቱ እንገፋለን። እንክብሉ ሲጠፋ አራቱም ባንድ ቀን ይቆማሉ። ድንገተኛ የልብ ሕመም አንዴ ደርሶበት ለተረፈ ሰው ይሰጥ፤ በ2022 የታተመው ሴኪዩር የተባለው ጥናት ለነሱ ጠቃሚነቱን በግልጽ አሳይቷል፣ ሐኪምም ይከታተላቸዋል። ምንም ሳይታመም 50 ስለሞላው ብቻ ለመጣው ግን መጀመሪያ የኩላሊቱን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒኑ፣ ይታይ።

ሐኪሙ፦ ክሬአቲኒን የማይሠራበት ጤና ጣቢያ የመጣውን፣ የላይኛው ግፊቱ ሁለት ጊዜ በትክክል ተለክቶ 170 የሆነውን ሰውዬ ባዶ እጁን ይሸኙታል?

ፋርማሲስቷ፦ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ሰጥቼ፣ በወሩ ቀጠሮ።