«ይታረቃሉ፣ ምን ቀረብሽ?»

ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይህን ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም።

እማዬን ሲኒማ ወሰድኳት። አዎ፣ እማዬን። ለምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአክስቴ ጋር ከተኳረፉ ዘንድሮ ሰባት ዓመታቸው። አንድ ሰፈር፣ አንድ እድር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት በር። ለቅሶ ቤት ሲገጣጠሙ አንዷ ድንኳን ውስጥ ከሆነች ሌላዋ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትልጣለች። ሰው ሁሉ በውርስ የተጣሉ ይመስለዋል። ቤቱማ ተካፍሎ አልቋል። ነገሩ የአያቴ አርባ ዕለት አክስቴ ድስቱን ከፈት አድርጋ «ወጡ ቀጠነ» ማለቷ ነው። በሰው ፊት። ይኸው ነው። በአንድ ድስት ወጥ ሰባት ዓመት።

ሽማግሌ ሁለቴ ገብቷል። እማዬን «ይቅር ለእግዜር በይ» ሲሏት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለእግዜርማ ይቅር ብያለሁ። ለሷ ነው እምቢ ያልኩት።» ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እና መሥሪያ ቤት አንዷ ልጅ «ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው፣ ኧረ አለቀስኩ» ስትለኝ፣ መድኃኒቱ ተገኘ አልኩ።

ፊልም ስሞክርባት የመጀመሪያዬ አይደለም። ባለፈው ቤት ውስጥ በላፕቶፕ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ»ን ከፍቼላት ነበር። የጀርመኑ የቪም ቬንደርስ ሥራ ነው፣ በ1984 እንደ ፈረንጆቹ የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን የወሰደ። ሰውየው አራት ዓመት ጠፍቶ ከበረሃ ይወጣል፣ ቃል አይተነፍስም። ወንድሙ ሄዶ ያመጣዋል። ልጁንም ያሳደጉለት ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ናቸው። እዚህ ድረስ እማዬ ወዳዋለች። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለች፣ በአክስቴ ቤት በኩል ግድግዳውን እያየች። ከዚያ ሰውየው የጠፋች ሚስቱን ሂውስተን ያገኛታል። (የምን ሥራ ላይ እንዳገኛት ለእማዬ አልተረጎምኩም።) በመሃላቸው መስታወት አለ፣ እሱ ያያታል፣ እሷ አታየውም። ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ታሪካቸውን ይነግራታል። እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። እማዬ «ፊቷን እያየ አይናገርም? ምን ደብቆ ነው?» መጨረሻ ላይ እናትና ልጅ ሆቴል ክፍል ውስጥ ይተቃቀፋሉ። እሱ ከታች ሆኖ መስኮቱን አይቶ፣ መኪናውን ነድቶ ይሄዳል።

«ሄደ?»

ሄደ።

«ታዲያ ምኑን ታረቁ? ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት ተኩል ያስቀመጥሽኝ?»

ስለዚህ የዛሬው በአማርኛ ይሁን አልኩ። ትኬት ሁለት፣ 500 ብር። ፋንዲሻ 100፣ ግማሹ ያልፈነዳ። አሥራ ሁለት ሰዓት የተባለው አሥራ ሁለት ከአርባ ጀመረ። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ለጓደኛው ይተርካል፦ «አሁን በሩን ይከፍታል... ይኸው ከፈተ።» እያየን ነው እኮ ወንድሜ! ወንበሩን ደግሞ አታንሱብኝ። ባለፈው የወጣ ሽቦው ቀሚሴን ቀዶብኝ በነጠላ ሸፍኜ ነው የወጣሁት።

ፊልሙ ያው ነው። እናትየው ሆስፒታል ተኝታለች፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን፣ ከንፈሯ ላይ ሊፒስቲክ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ይዞኛል። እማዬም ፋንዲሻውን ትታ ወደፊት ዘንበል ብላለች። በጨለማ እያጮለቅኩ እሷን ነበር የማየው። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። በልቤ «መጣች! መጣች!» እላለሁ። ትንሹ የትልቁ ወንድሙ በር ላይ ቆሟል። ይዘንባል፣ መቼም ሳይዘንብ እርቅ የለም። ትልቁ ወጣ። ተያዩ። ትልቁ እጁን አነሳ...

ድርግም።

መብራት ሄደ።

ሊመታው ይሁን ሊያቅፈው አናውቅም። ጄኔሬተር አለ ተባለ፣ ናፍጣ የለም ተባለ። ግድቡ ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ ተጨፍሮ፣ እኔም ቦንዴን ገዝቼ፣ እኔም ጨፍሬ፣ ለአንዲት እቅፍ የሚሆን መብራት ይጥፋ?

ሃያ አምስት ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ ትኬት ቤቱ ጋ ወረድኩ። ቃል በቃል ልንገራችሁ።

«ብራችንን መልስልን።»

«ብር አይመለስም። ተጽፏል።»

«የት?»

በስልኩ አበራልኝ። እውነትም ተጽፏል፣ የጣት ጥፍር በምታክል ወረቀት ላይ።

«መጨረሻውን እኮ አላየንም!»

«ይታረቃሉ።»

«ምን?»

«ይታረቃሉ እህቴ። እናትየው ትነቃለች፣ ያለቅሳሉ፣ ይታረቃሉ። ሁሌም ይታረቃሉ። ምን ቀረብሽ?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ያ ተራኪው ሰውዬ ከኋላዬ «ብዬህ ነበር!» ይላል ለጓደኛው። ፊቴ ጋለ። መልስ ፈልጌ አጣሁ። (አሁንማ አሥር መልስ አለኝ። ደረጃውን እንደወጣሁ ነው ሁሉም የመጣልኝ።) በዚህ መሃል እማዬ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣች። ልትሟገትልኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ማነው ይቅርታ የጠየቀው?»

«እ?»

«ከሁለቱ ማነው ቀድሞ ይቅርታ ያለው? ትልቁ ነው ትንሹ?»

«እኔንጃ ማዘር። እዛ ጋ ሲደርስ እኔ ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ።»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «በይ እንሂድ። ማን እንደጠየቀ ካልታወቀ ምኑ እርቅ ነው!»

600 ብሬ! የታክሲውን ሳልቆጥር! ታክሲ ሰልፍ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆምን። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ተስፋዬን ቆርጬ የነገውን የምሳ ብር እያሰላሁ ነው። ሰፈራችን ፈረንሳይ ልንደርስ ስንል «ያ ትንሹ ግን እስከ በሩ ድረስ መጥቷል፣ እሱስ ቢሆን» አለች። አክስቴ ታናሽ ናት። አክስቴ ደግሞ እስከ በሩ አልመጣችም። እንዲያውም በራችንን ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ነው የምትዞረው፣ በዚያ ጉልበቷ።

እና አሁን ሻማ አብርቼ ይህን ስጽፍ እማዬ ከመኝታ ቤት ትጣራለች።

«ነገ ቀን ያሳዩታል እንዴ?»

«ምኑን?»

«ያንን ፊልም።»

ሌላ 500 ብር! ሻይ ጠጪውን ሰውዬ ደግሜ ላየው ነው? ደግሞስ ከአርብ ጀምሮ ሌላ ፊልም ነው የሚገባው፣ ማስታወቂያውን በር ላይ አይቼዋለሁ። ያያችሁት ካላችሁ በእናታችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ፣ ትልቁ ነው ትንሹ? ቶሎ በሉ፣ ስልኬ 6 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እዚህም መብራት የለም።