ፈታይን መፍተል ማስተማር

በቀደም ሰኞ ባቲ ገበያ ነበርኩ። አንዲት እናት ባዘቷቸውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሽር ሲያደርጉት ክሩ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ይወጣል። ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ ክሩ ግን አንዴም አልተበጠሰም።

«እትዬ፣ ሥልጠና ወስደው ያውቃሉ?»

«ሦስት ቀን ወሰድኩ ልጄ። መፍተል አስተማሩን» ብለው በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን አናደደኝ።

እኚህ ሴት ሙያ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ዋጋ የመቁረጥ አቅም ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ፈታይዋ ልቃቂቷን ለብቻ ትሸጣለች፣ ሸማኔውም ጋቢውን ለብቻ። ማታ ዘይትና ቡና ይዛ መግባት ያለባት ሴት ደግሞ በዋጋ አትከራከርም። ልቃቂቱንም ጋቢውንም የሚገዛው ነጋዴ ሌባ ነው አላልኩም። መኪና ይከፍላል፣ ሳይሸጥለትም ይከርማል። ግን ብሩ እሱ ጋ ስለሆነ ዋጋ ቆራጩም እሱ ነው።

መፍትሔው ፈታይና ሸማኔ አብረው የሚገቡበት ማኅበር ይመስለኛል። ድሩን በጅምላ ይግዛ፣ ለፈትል በገበያው ቀን እዚያው ይክፈል፣ ጋቢውን ደሴም አዲስ አበባም ራሱ ይሽጥ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ፤ ዕጣው (ያዋጣው ድርሻ) የበዛም ያነሰም አባል ድምፁ አንድ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጣጣው ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም ከከተማ የመጡ ይሆኑና ፈታዮቹ አሻራ ለመስጠት ብቻ ሲጠሩ ነው። ሥልጠና እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፤ ደረሰኝ ማንበብ፣ ወጪ ማስላት፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ብሩ የት ገባ?» ማለት።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን ዋጋው ላይ ተቀምጧል። ጋቢ ስንገዛ «ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሠራው?» የምንለው እኛው አይደለንም?

ለቱሪስት ብቻ እንሥራ የሚሉም አሉ። በ2014ቱ ጦርነት ላሊበላ እንግዳ ሲጠፋባት አይተናል። ጋቢ የሚለብሰው የወሎ ሰው ራሱ ነው፤ ሠርግ አለው፣ ለቅሶ አለው፣ የደሴ ብርድ አለው።

ስመለስ እትዬ ልቃቂታቸውን ሸጠው ጨርሰዋል።

«ዋጋውን ማን ተናገረ?» አልኳቸው።

«እሱ ነዋ!» አሉኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያዩኝ።