ክቡ ሥላሴ

ባለፈው የሐምሌ ሥላሴ፣ ከንግሡ መልስ ቡና ላይ ተቀምጠን ክርክር ተነሣ። ነገሩ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ታሪክ የሚያስተምር አንድ ወጣት፣ «አሁን ያለው ሕንፃ እኮ ዐፄ ኢያሱ ያሠሩት አይደለም» ብሎ ጣለው።

ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለትህ ነው ልጄ? አድያም ሰገድ ኢያሱ ያላሠራውን ማን አሠራው ልትል ነው?»

«ጋሼ፣ የእሳቸው ክብ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1694 ተመረቀ፤ በ1707 መብረቅ አጠፋው። ይሄኛው አራት ማዕዘን ነው፣ በኋላ የተሠራ። የክቡ መሠረት ድንጋይ ዛሬም እዚያው አለ።»

«ታቦቱስ? ቤተ ክርስቲያን ማለት ታቦቱ ነው። ግድግዳማ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። አባትህ ቤቱን አፍርሶ ቢሠራ የሌላ ሰው ቤት ሆነ ትላለህ?»

አንዷ እህታችን ጣልቃ ገባች። «የሱዳን ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል ሥላሴን ማን አስጣለው? ንቡ አይደል እንዴ?» አባቶች የሚሉትን ደገመችልን፤ ንቡ ከግቢው ግር ብሎ ወጥቶ ጦሩን እንደመለሰ፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ በሩ ላይ እንደቆመ። ወጣቱ «በዚያ ሁሉ ዛፍ መሃል ንብ ቢኖር ምን ይገርማል?» ሲል ቤቱ ተንጫጫ። ንቡን ማን እንደላከው ቡና ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም። እኔ ሐሳቤ የቀረው መብረቁ ላይ ነው።

እዚያ ቤተ መቅደስ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው። ክንፍና ፊት ብቻ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ዓይናቸው ፈጦ። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ትንሽ ቆም ብለው ሲያዩ ግን አንዱ ቆጣ ያለ ነው፣ አንዱ ያዘነ፣ አንዱ ፈገግ ሊል የደረሰ። ሠዓሊው እያንዳንዱን ለብቻው አስቦበታል።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ለኢያሱ ስንሰጥ፣ ከመብረቁ በኋላ ድንጋይ የተሸከመውን፣ መሰላል ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ዓይን የሣለውን ሰው ረሳነው ማለት ነው። ጋሼ ስለ ታቦቱ ያሉት ልክ ነው፤ ደብሩ የኢያሱ ነው፣ ዕድሜውም ከእሳቸው ይቆጠራል። ልጁም ስለ ሕንፃው ልክ ነው። እኔ በልጁ ያዘንኩት መብረቁን ደብሩን ለማሳነስ ስላነሣው ነው። በጋሼ ያዘንኩት ደግሞ ሊሰሙት ስላልፈለጉ ነው። ቤቱ ነዶበት መልሶ የሠራ ምእመን መኖሩ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

ለጥር ሥላሴ አብረን ጎንደር ልንወርድ ተቀጣጥረናል። ልጁ መጀመሪያ የክቡን መሠረት ያሳየናል፤ ከዚያ ጋሼ ያስገቡናል።