ለአንድ ቀን ሄዶ ሦስት ዓመት የቆየው

የኮሪያ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ድራማውን ነው። እኔ ግን ኪም ዶንግዎንን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። በ1955 የተወለደ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሶል ለ1988ቱ ኦሎምፒክ ሽር ጉድ ስትል ሳንግዬዶንግ የሚባለው የድሆች ሰፈር መፍረስ ጀመረ። እኛ ያንን ኦሎምፒክ አልሄድንም፤ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሞ ቀርተናል። ኪም ፈረሳውን ለማስረጃ እንዲቀርጽ ተጠይቆ ካሜራውን ይዞ ሄደ። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ከነዋሪዎቹ ጋር ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ።

ከዚያ የወጣው ፊልም 27 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰዎቹ ከሶል ተባረው ቡቾን ከተማ፣ አውራ ጎዳና ዳር መጠለያ ቀለሱ። የኦሎምፒኩ ችቦ በዚያ ስለሚያልፍ ለእንግዳ ዓይን አያምርም ተባለና እሱም ፈረሰባቸው። መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። በዚያ ብርድ፣ ከነልጆቻቸው!

ለአንድ ወገን ያደላል የሚል ይኖራል። አዎ፣ ያደላል። ጉድጓድ ውስጥ በሚያድረውና ቤቱን ባፈረሰበት መሃል ቆሞ መቅረጽ ለእኔ ሚዛናዊነት አይደለም። ግን አድልቶም አይዋሽም። በ1992 ለረጅም ዓመታት ታስረው የተፈቱ ሁለት የሰሜን ኮሪያ ሰላዮች እሱ ወደሚኖርበት ሰፈር ሲመጡ፣ ፀረ ኮሚኒስት ትምህርት እየተጋተ ያደገ ሰው ነውና መጀመሪያ ፈርቷቸው ነበር፤ ይህንንም፣ በኋላ ሲወዳቸው እንኳ የማይስማማባቸውን ነገር፣ ስለ እነሱ በሠራው ፊልም ውስጥ በራሱ ድምፅ ይናገራል። እነሱንና መሰሎቻቸውን 12 ዓመት ቀረጸ። ከመሰሎቻቸው አንዱ ከ40 ዓመት በላይ የታሰረ ነው። ከ800 ሰዓት ቅጂ የወጣው ይህ ፊልም በ2004 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽልማቱን ይዞ ወደ ሌላ ርዕስ ይሄድ ነበር። በ2000 እስረኞቹ ወደ ሰሜን ሲመለሱ የሄዱት 63 ናቸው። እስር ቤት ሳሉ በድብደባ ብዛት «የኮሚኒስት እምነታችንን ክደናል» ብለው የፈረሙት ከዝርዝሩ ወጡ። ኪም እነሱን አልተዋቸውም። በ2022 ስለ እስረኞቹ ሁለተኛውን ፊልም ሲያወጣ፣ እርጅና ተጫጭኗቸው አሁንም «አገራችን መልሱን» የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሱም ከነካሜራው አጠገባቸው ነበር።