መድረኩና ሣጥኑ በአንድ እጅ

ስለ ትንሽ ጉባኤ ሲወራ አምልኮና አስተዳደር ተለያይተው ይነሣሉ። አምልኮው የመንፈሳውያን፣ አስተዳደሩ ደግሞ የወረቀትና የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ዝማሬው ከሞቀ፣ ስብከቱ ካነጸ፣ ጸሎቱም ከበረታ የቀረው ሁሉ በጊዜው ይስተካከላል የሚል እምነት አለ። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። አርባ ወይም ሃምሳ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። እሑድ ጠዋት ጸሎቱን የሚከፍተው፣ መዝሙሩን የሚመርጠው፣ የሚሰብከውና የሚባርከው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሰኞ ዕለት መባውን የሚቆጥረው፣ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘውና አዲስ አባል የሚቀበለው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የደከመው እርሱ ነው። ጉባኤው የተጀመረው በእርሱ ሳሎን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ወንበሮች የገዛው፣ ኪራይ ሲጎድል ከኪሱ የሞላው፣ የታመመ የጠየቀው፣ ሐዘንተኛ ያጽናናው እርሱ ነው። ሌሎቹ ሥራ በዝቶባቸው ሲቀሩ እርሱ አልቀረም። ከዓመታት በኋላ ግን ያለ እርሱ ፈቃድ አንድ መዝሙር አይቀየርም፤ ጥያቄ ያነሣ ሰውም ልቡ እንደ ሸፈተ ይቆጠራል። ያን ጊዜ የምትመጣ አንዲት አነጋገር አለች፦ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ ደንብ ምን ያደርግልናል?» የምትጣፍጠው ግማሿ እውነት ስለሆነ ነው። ሌላው ግማሽ ግን በቤተሰብ ውስጥ አባቱን ደረሰኝ የሚጠይቅ ልጅ አለመኖሩ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው ይገኛል። በዚያ የሚወቀሰው በሐሰት ትምህርት አይደለም። ዋና መሆንን ይወዳል፤ ከውጭ የመጡ ወንድሞችን አይቀበልም፤ ሊቀበሏቸው የሚፈልጉትንም ይከለክላል፣ ከቤተ ክርስቲያንም ያስወጣቸዋል። ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ የገባበት ጉባኤ ምን እንደሚመስል በሁለት ቁጥር ብቻ ተጽፎ ቀርቷል።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ትንሽ ሆነው የሚሰበሰቡት ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። ቦታቸው የሰው ቤት ነበር፦ የአቂላና የጵርስቅላ ቤት፣ የፊልሞና ቤት። በዛሬዋ ሶሪያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በነበረችው በዱራ ኤውሮጶስ ከተማ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቁፋሮ የተገኘው ቤት ይህን በዓይን ያሳያል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በ256 ገደማ ከመጥፋቷ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ለአምልኮ ተለውጧል። በሁለት ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሶ ሰባ ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሆኗል፤ ሌላው ክፍል የጥምቀት ቦታ ተደርጎ ግድግዳው በሥዕል ተውቧል። በአዳራሹ አንድ ጫፍ ዝቅ ያለች መድረክ አለች። ስለዚህ ጠቡ ከመድረክ ጋር አይደለም፤ መድረኩ ከተሰብሳቢው ምን ያህል ይርቃል ነው ጥያቄው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ሰው የሁሉንም ፊት ያያል፤ የቀረ ሰውም ወዲያው ይታወቃል።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 14 ላይ የምናየው ጉባኤ ጫጫታ የበዛበት ነው። አንዱ መዝሙር ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ትምህርት፣ ሌላው መገለጥ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ይፈልጋል። ለዚህ ቀላሉ መፍትሔ «አንድ ሰው ይናገር፣ ሌላው ዝም ይበል» ማለት ነበር። ጳውሎስ ያን አላለም። ሁለት ወይም ሦስት ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይመርምሩ፣ ለተቀመጠው አንዳች ነገር ቢገለጥለት የፊተኛው ዝም ይበል አለ። ሥርዓት ማስያዝና አፍ ማስያዝ ለእርሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተናጋሪው ራሱ ተራውን እንዲለቅቅ መታዘዙንና ሰሚው የመመርመር ሥራ እንደተሰጠው ልብ ይሏል። ዛሬ በስንት ትንንሽ ጉባኤዎች ውስጥ ነው ምእመኑ ከ«አሜን» ያለፈ ሥራ ያለው?

ከውጭ ሆኖ ያየው ሰው ምስክርነትም አለ። በ112 ገደማ፣ በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ ገዥ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን ጽፏል። እንደ ነገሩት ከሆነ በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፣ እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩና አደራ እንዳይክዱ በመሐላ ይተሳሰራሉ፤ በኋላም ለማዕድ ይገናኛሉ። ገዥው ይህን ለማጣራት በግርፋት የመረመራቸው ሁለት ገረዶችን ነበር፤ እነርሱም በጉባኤው ዘንድ አገልጋይ የሚል የሹመት ስም ነበራቸው። በሮም ሕግ ፊት የሌላ ሰው ንብረት የሆኑ ሴቶች በዚያ ቤት ኃላፊነት ይዘው ተገኙ። ፕሊኒ ነገሩን ያለቅጥ የበዛ ከንቱ እምነት ብሎ አለፈው።

ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ በሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑዱን ጉባኤ ከውስጥ ሆኖ ይገልጻል። አንባቢ ጊዜው እስከፈቀደ ድረስ ያነባል፣ መሪው ይመክራል፣ ሁሉም ተነሥተው ይጸልያሉ፣ እንጀራና ወይን ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ዲያቆናቱ ላልመጡት ቤታቸው ድረስ ያደርሳሉ። የፈቀደ ሰው የሚሰጠው ገንዘብ የሚቀመጠው ግን በመሪው ዘንድ ነበር። ይህ ለእኔ ክርክር አይመችም፤ ሆኖም ዮስጢኖስ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ይዘረዝራል፦ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩ፣ ለእንግዶች። የሚያስፈራው ሣጥኑ በአንድ ሰው እጅ ሆኖ መድረሻውም የማይታወቅበት ጊዜ ነው። ጳውሎስ ራሱ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልተሸከመም። ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ ተስማምቷል። እርሱ የሚጠነቀቅ ከሆነ እኛ ስለምን እንቀየማለን?

የትንሽ ጉባኤ ትልቁ ፈተና፣ በእኔ ግምት፣ ትልቅ መምሰል ነው። ድምፅ ሳይጎላ በሚሰማበት ክፍል ድምፅ ማጉያ ይቆማል፤ ከሃያ ሰዎች መካከል ስምንቱ መዘምራን ይሆኑና አሥራ ሁለቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ሁሉም ቆሞ መዘመር፣ በየተራ ማንበብ፣ በስም እየተጠራሩ መጸለይ የሚቻልበት ቤት የጎደለው በመሰለው ነገር ይቀናል። የሺህ ሰው አዳራሽ ይህን ቢመኝ እንኳ አያገኘውም።

ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚሮጡም አሉ፦ መሪ አይኑር፣ ሹመት ይቅር፣ መንፈስ የመራው ይናገር የሚሉ። በ1820ዎቹ መጨረሻ በደብሊን የተጀመረው የወንድሞች እንቅስቃሴ ያለ ተሾመ ቄስ በጌታ ማዕድ ዙሪያ መሰብሰብን መረጠ። በአጀማመሩ ውበት ነበረው። ይሁን እንጂ በ1848 ለሁለት ተከፈለ፤ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተባለው ሰው በወረቀት ላይ ምንም ሹመት ሳይኖረው ቃሉ በየከተማው ጉባኤዎችን የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። ስም የሌለው ሥልጣን ከሥልጣን ሁሉ የከበደ ነው፤ ያልተሾመን ሰው ከሹመቱ ማውረድ አይቻልምና። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይሾሙ ስል ቢሮክራሲ ናፍቄ አይደለም። ጳውሎስና በርናባስ በየቤተ ክርስቲያኑ የሾሙት ሽማግሌ ሳይሆን ሽማግሌዎችን መሆኑን አስቤ ነው።

ቃለ ጉባኤን በተመለከተ በእንግሊዝ አገር ከተነሡት ክርስቲያኖች፣ ከኩዌከሮች፣ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ከመሥራቻቸው ከጆርጅ ፎክስ ዘመን ጀምሮ ውሳኔን በድምፅ ብልጫ አይወስኑም፤ ጸሐፊው ጉባኤው የደረሰበትን ሐሳብ እዚያው ጽፎ እዚያው ያነብባል፣ ተሰብሳቢውም ይቀበለዋል ወይም ያርመዋል። ነገ «እንዲህ አላልንም» የሚል ክርክር አይነሣም። ለትንሽ ጉባኤ ይህን ማድረግ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

ገንዘብ መሰብሰብ የእረኝነት በር ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ አለ። በ1742 በእንግሊዟ ከተማ በብሪስቶል የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የጆን ዌስሊ ተከታዮች የመሰብሰቢያ ቤታቸው ዕዳ አስጨነቃቸው። አንድ ካፒቴን እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ አለ። ድሆች አሉ፣ አይችሉም ሲሉት፣ ከሁሉም ድሃ የሆኑትን አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፣ መስጠት ያልቻለውን እኔ እሞላለሁ ብሎ መለሰ። ሌሎችም እንደ እርሱ ቡድን ተረከቡ። ሳንቲም ሊሰበስቡ በየሳምንቱ ቤት ለቤት ሲሄዱ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ፣ ማን መጠጥ እንደጀመረ አዩ። ዌስሊም ሲፈልገው የነበረውን እንዳገኘ ቆጠረው። ሜቶዲስቶች ለብዙ ዘመን የተሳሰሩበት የአሥራ ሁለት ሰው ቡድን እንዲህ ከዕዳ ተወለደ።

«ሰው የለንም» የሚለውን መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ የተማረ የለም፣ ጊዜ ያለው የለም ይባላል። በሰሜን አሜሪካ በገጠር ቀለል ያለ ኑሮ የሚኖሩት ክርስቲያኖች፣ አሚሾች፣ ከሃያ እስከ አርባ ቤተሰብ ባለው ጉባኤያቸው ሰባኪን የሚመርጡት በዕጣ ነው። አባላቱ ዕጩዎችን ይጠቁማሉ፤ በአንደኛው የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ጥቅስ የተጻፈበት ወረቀት ይደበቃል፣ መጽሐፉ የደረሰው ሰው ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ዕጣ ጣሉ እያልኩ አይደለም፤ ብዙው ሰው የሚደነግጥ ይመስለኛል። ነገር ግን ገበሬውም አናጺውም ነገ ሊሰብክ እንደሚችል የሚያውቅ ጉባኤ ዛሬ በሌላ ጆሮ ይሰማል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻችን ከዕለቱ ዕደላ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ቅሬታውን ዐመፅ አላሉትም። ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰው እንዲመርጥ አደረጉ፤ የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ቅሬታ ባሰማው ወገን ስም የሚጠሩ ሰዎች ማዕዱን ተረከቡ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት በዛሬ ጉባኤዎች አላየሁም። ተቺውን ዲያቆን ማድረግ የሚችል መሪ ብርቅ ነው፤ የሚቀለው ለንስሓ እንዲጸለይለት ማድረግ ነው።

የባንክ ሒሳቧ በአንድ ሰው ስም፣ የኪራይ ውሏም በዚያው ሰው ፊርማ የቆመ ጉባኤ ካለች መጀመሪያ የሚስተካከለው ይህ ነገር ነው። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች መባውን ይቁጠሩ፣ ሁለት ፊርማ ይኑር፣ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ። መሥራቹ በሕይወት ሳለ፣ ጤነኛ ሳለና ሁሉም ሲወደው ይደረግ፤ ከታመመ ወይም ከሞተ በኋላ ልጆቹና ሽማግሌዎቹ በአንድ አዳራሽ ሲካሰሱ ማየት የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም። የመዘምራኑ አዲስ ልብስ ሊቆይ ይችላል።